ሲ ቀይ ሆነ ብላችሁ ለፎርማት አትቸኩሉ (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አሮጌ ዴስክቶፕ ናቸው፣ ሀርድ ዲስኩ ላይ ሲ የሚባለው፣ ዊንዶውስ የተጫነበት ክፍል ሞልቶ ቀይ እያሳየ፣ ማሽኑ ተጎትቶ፣ ባለሙያ ጋ ሲወሰድ ደግሞ ገና ሳይከፈት "ፎርማት ይደረግ" የሚባለው። ፎርማት ማለት በዚያ ክፍል ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ባዶ ማድረግ ነው። እኔ ይሄን ነገር አልወደውም፣ ፎርማት የመጨረሻው መድኃኒት ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም፣ ስንት ሰው የልጁን ፎቶና የስራ ፋይሉን ያጣው በዚህ ነው። በሉ ወደ ጥያቄዎቹ።

*ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ስራ አለኝ። ኮምፒውተሬ ሲ ላይ ቀይ ያሳያል፣ ለመነሳት ብቻ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ፎርማት ላስደርገው?*

እህቴ ቆይ፣ አታስደርጊው። መጀመሪያ ዴስክቶፕ ላይ የደረደርሻቸው ፎልደሮች በሙሉ፣ ዶክመንትስና ዳውንሎድስም ጭምር፣ ያሉት ሲ ውስጥ ነው፣ ይሄን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ፣ "ዴስክቶፕ ላይ ነው እኮ ያስቀመጥኩት" እያለ ፎርማት ተደርጎ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ እነሱን ወደ ዲ፣ ወደ ሌላው የማስቀመጫ ክፍል፣ አዙሪያቸው፣ ይሄ ብቻውን ብዙ ቦታ ሊለቅልሽ ይችላል። ከዛ ሲ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲስክ ክሊንአፕ፣ እዛው ውስጥ ደግሞ "ክሊንአፕ ሲስተም ፋይልስ" የሚለውን ንኪ። ከዚህ በፊት ዊንዶውስ ከተቀየረልሽ አሮጌው ዊንዶውስ እንዳለ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ከ10 ጊጋ በላይ ይዞ ማለት ነው፣ እሱን ምረጪና አጥፊው። ዝርዝሩ ላይ ዳውንሎድስ የሚል ካለ ግን ምልክቱን አንሺ፣ አለበለዚያ ያወረድሽውን ሁሉ ይጠርገዋል። ሪሳይክል ቢንም ባዶ ይሁን፣ እዛ የገባ ፋይል ገና ቦታ እንደያዘ ነው።

ዊንዶውስ ለራሱ መፈናፈኛ ይፈልጋል፣ ራም (ሲሰራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ሲያንሰው ዲስኩ ላይ ነው የሚጽፈው፣ ስለዚህ ከሲ ከ15 እስከ 20 ፐርሰንት ገደማ ክፍት ይሁን።

ባንቺ ስራ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ ፎንት! ፓወር ግዕዝ ወይ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባሉት የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ውሎች፣ ማመልከቻዎች ፎንቱ ከጠፋ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆነው ነው የሚከፈቱት። አንድ ቀን ፎርማት የግድ ቢሆን እንኳን ሲ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ ውስጥ ገብተሽ ፎንቶቹን ፍላሽ ላይ ገልብጪ፣ የፕሮግራሙን መጫኛም ካለሽ አብረሽ አስቀምጪ። የደንበኛ ፋይል አደራ ነው እኮ።

*ከሐይቅ ነኝ። 500 ጊጋ ብለው የሸጡልኝ ሀርድ ዲስክ 465 ነው የሚለው። ተጭበርብሬ ነው?*

አልተጭበረበርክም ወንድሜ። ፋብሪካው አንድ ኪሎ ባይትን በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024፣ ልዩነቱ ከዛ ነው የመጣው። 320 የሚለውም 298 ነው የሚያሳይህ።

*ኮምቦልቻ ቪዲዮ ቤት አለኝ፣ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ፋይሎቹን ሁሉ ዲ ላይ ነው የማስቀምጠው፣ ግን ሲ በየሳምንቱ ይሞላል።*

አዶቤ ፕሪሚየር ከሆነ የምትጠቀመው ጥፋተኛው ሚዲያ ካሽ ነው። ያስገባኸውን ክሊፕ በፍጥነት ለማሳየት ብሎ ሲ ላይ ጊዜያዊ ፋይል ይሰራል፣ ሰርጉ አልቆ ባለቤቶቹ ቪዲዮውን ከወሰዱም በኋላ እዛው ይቀራል። ኤዲት፣ ፕሪፈረንስስ፣ ሚዲያ ካሽ ግባና የድሮውን አጥፋ፣ ቦታውንም ወደ ዲ ቀይረው። ዋናው ቪዲዮህ አይነካም፣ አትፍራ።

*ከሚሴ ነው ያለነው። አባታችን በካሴት የነበሩ የድሮ መንዙማዎችን ኮምፒውተር ላይ አስገልብጠው ነበር፣ ሀርድ ዲስኩ ጢም ብሏል፣ አሁን ደግሞ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ጀመረው። ምን እናጽዳ?*

ምንም እንዳታጸዱ! ኮምፒውተሩን አሁኑኑ አጥፉት። ያ ድምፅ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ሊሞት ነው ማለት ነው፣ እንዲህ ባለ ሰዓት ዲፍራግ ማድረግ (ፋይሎችን ዲስኩ ላይ መልሶ ማደራጀት)፣ ቼክ ዲስክ ማስኬድ (የዲስክ ስህተት መፈተሽ)፣ ዊንዶውስ እንደገና መጫን፣ ሁሉም የቀረችውን ትንሽ እድሜ ነው የሚበላት። ዲስኩን እንዳለ ከኮምፒውተሩ አውጥታችሁ ደህና ኮምፒውተር ላይ እንደ ሁለተኛ ዲስክ አስገጥሙትና መንዙማዎቹን ብቻ መጀመሪያ ገልብጡ፣ ፊልሙ ምናምኑ ይቅር። ድግግሞሹን እየለያችሁ ጊዜ አታባክኑ፣ እሱ በኋላ ይደረሳል። ማንም ሰው የዲስኩን ክዳን ልክፈተው ቢላችሁ እንቢ በሉ፣ ውስጡ አቧራ ከገባ አበቃ። ጭራሽ አልታይ ካለ ግን ደጋግማችሁ አትሞክሩ፣ ፋይል በማውጣት ስራ ልምድ ያለው ሰው ፈልጉ።

ከወጣላችሁ በኋላ ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ አንዱ ቤት፣ አንዱ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ። የወሎ መንዙማ እኮ ስንቱ በካሴት ብቻ ነው የተቀዳው፣ ያለቀሰበት ያዜመበት ሸህ በሕይወት ላይኖር ይችላል፣ ካሴቶቹም ካሉ በጭራሽ አትጣሏቸው። ለአባታችሁ ሰላም በሉልኝ፣ እድሜ ይስጣቸው፣ ትልቅ ነገር ነው የሰሩት።

*ወልድያ አስተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች 2 ጊጋ ራም ያላቸው ዊንዶውስ 7 ናቸው። ይጣሉ ተብሏል፣ ይነሳሉ?*

መምህር፣ እባክዎ እንዳይጣሉ ይከራከሩልኝ። ዊንዶውስ 7 ከጥር 2012 ጀምሮ የደህንነት ማሻሻያ የለውም፣ 10ም ቢሆን መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ስለዚህ እኔ ብሆን በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ሲስተም ነው የማስገባው፣ ነፃ ነው፣ ከፍላሽ አስነስተው ምንም ሳይጭኑ መሞከር ይችላሉ፣ ማሽኑ 64 ቢት መሆኑን ብቻ ቀድመው ይዩ። በ2 ጊጋ ይነሳል፣ በ4 ግን ይመቻል። የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው የቢሮ ፕሮግራም የዎርድ ፋይል ይከፍታል። ከማይሰሩት ላይ ራም እየነቀሉ ለሚሰሩት ይስጡ፣ ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 የሚባሉት የራም ዓይነቶች ግን አይገጣጠሙም። ትንሽ በጀት ከተገኘ ደግሞ መጀመሪያ ራሙን 4 ያድርሱ፣ ቀጥሎ ኤስኤስዲ (በሀርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባ ፈጣን ማስቀመጫ) ይግዙ፣ 120 ጊጋዋ እንኳን ለተማሪ በቂ ነች፣ ያየ ሰው ያው ማሽን ነው ብሎ አያምንም። ከዛ በፊት ግን የኮምፒውተሮቹን ክዳን ከፍተው አቧራውን ያራግፉ፣ ፋኑ በአቧራ ታፍኖ ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ያዘገያል።

*ከመርሳ። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ኢንተርኔትም አልከፍት ይላል።*

ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፣ ሲአር 2032 ትባላለች፣ የሰዓት መሸጫ ሱቆች ጋም አትጠፋም። ድረ ገጾቹ እንቢ ያሉህ ቀኑ ስለተዛባ ነው። ገመዱን ከሶኬት ነቅለህ ቀይራት፣ ፅሑፉ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ ከዛ ሰዓቱን አስተካክል።