ቡልጋሪያ «በጥባጭ» ማለት ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አባቴ በደርግ ጊዜ ሶፊያ ነው የተማረው። «ቡልጋር» ማለት የተደባለቀ ሕዝብ ማለት ነው ይለኛል። አጎቴ ደግሞ የለም፣ ከኛ ቡልጋ የመጣ ነው ብሎ ይከራከራል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ አባትሽ ወደ እውነቱ ይጠጋሉ። የሸዋው ቡልጋ ከቡልጋሪያ ጋር በድምፅ ተገጣጠመ እንጂ ዝምድና የለውም።

ብዙ የቋንቋ አጥኚዎች ስሙን የሚያመጡት «ቡልጋ» ከሚል የጥንት ቱርክኛ ግስ ነው (የአጎትሽ ጆሮ አልተሳሳተም!)፤ ማማሰል፣ መደባለቅ ማለት ነው። እዚህ ላይ አማርኛችን በደንብ ያግዘናል። በሶ እንበጠብጣለን፣ ሰፈር የሚያምሰውንም ሰው «በጥባጭ» እንለዋለን አይደል? ያም ግስ ልክ እንደዚሁ ሁለቱንም ይይዛል፤ ስለዚህ ገሚሱ አጥኚ «ድብልቅ ሕዝብ» ብሎ ሲፈታው ገሚሱ «በጥባጮች፣ አመፀኞች» ይለዋል። እኔን ሁለተኛው ነው የሚያሳምነኝ። የዚያን ዘመን ፈረሰኛ ጠላቱን የሚያስደነግጥ ስም ቢወጣለት ይኮራበታል እንጂ አያፍርበትም። ዛሬም ቱርኮች ድፍርስ ውሃን «ቡላኒክ» ይሉታል፤ የዚያው ግስ ልጅ ነው።

ታዲያ ስላቭኛ የሚናገር ሕዝብ የቱርክኛ ስም ከየት አመጣ? የጥንቶቹ ቡልጋሮች ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን የነበሩ ፈረሰኞች ናቸው። መሪያቸው አስፓሩህ ዳኑብን ተሻግሮ ቢዛንታይኖችን አሸነፈና እ.ኤ.አ. በ681 መንግሥቱን አስከበረ። አገሩ ላይ ያገኙት ሕዝብ ግን አብዛኛው ስላቭ ነበር። በ864 ገደማ ንጉሣቸው ቦሪስ ተጠመቀ፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተገናኙ፣ ተጋቡ፣ ተዋለዱ፤ እያደር የገዢዎቹ ቋንቋ ጠፋና ስማቸው ብቻ ቀረ።

ያ ስም በኋላ የሚታፈርበት ጊዜም መጣ። በኦቶማን ዘመን ቀለም የቆጠረ ሰው ግሪክ መምሰል ያምረው ነበር። በ1762 ፓይሲ የሚባል የአቶስ ተራራ መነኩሴ የሕዝቡን ታሪክ ጻፈና «ቡልጋሪያዊ ተብለህ መጠራት ለምን ታፍራለህ?» ብሎ አፋጠጣቸው። ይቺን ጥያቄ እዚያ አገር ተማሪ ሁሉ ያውቃታል።

እነሱ ራሳቸውን ሲጠሩ ግን «ቡ» አይሉም። ወንዱ «በልጋሪን»፣ ሴቷ «በልጋርካ» ናት፤ ያቺ የመጀመሪያዋ ድምፅ ከኛ «በ» ጋር በጣም ትቀራረባለች። አባትሽን «በልጋሪያ» በያቸውና ፊታቸውን እይ።