«መረጃዎ ከማሳዎ አይወጣም» ሲባሉ

ጥያቄ፦ በቆጋ መስኖ ቀይ ሽንኩርት አለማለሁ። በማኅበራችን በኩል የአፈር እርጥበት መለኪያ ሊተከልልን ነው። ሻጮቹ «መሣሪያው ከሁላችሁም ማሳ እየተማረ የውኃ ማጠጫውን ቀን ይነግራችኋል፤ መረጃችሁ ግን ከማሳችሁ አይወጣም» ይላሉ። ካልወጣ እንዴት ከሌላው ይማራል? ደላላ እጅ እንዳይገባም እሰጋለሁ።

መልስ፦ ስጋትዎ ከሚያስቡት በላይ ትክክል ነው። ሽንኩርት ሊነቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ውኃ እናቋርጥበታለን፤ አንገቱ ደርቆ በመጋዘን እንዳይበሰብስ። ስለዚህ የእርጥበቱ ቁጥር በየቀኑ ቁልቁል ሲወርድ ያየ ሰው፣ ማሳዎን ሳይረግጥ የሚነቅሉበትን ሳምንት ያውቃል። የመቶ ማሳ ቁጥር በእጁ የገባ ደላላማ ገበያው መቼ እንደሚጥለቀለቅ ከእናንተ ቀድሞ አውቆ ዋጋ ይቆርጣል።

ሳይወጣ መማር ግን ይቻላል። ጎረቤታሞች በየቤታቸው ጠላ ጠምቀው ሲገናኙ፣ አንዷ «ጌሾውን ትንሽ ቀንሱ»፣ ሌላዋ «ጨምሩ» ብትል፣ ከማንም ጋን ጠብታ ሳይወጣ የሁሉም ልክ ይሻሻላል። መሣሪያውም እንዲሁ ነው። በየቦታው ያለ ትንሽ ኮምፒውተር የማጠጫውን ቀን የሚገምትበትን ስሌት በራሱ ማሳ ቁጥር ያርማል፤ ወደ ማእከል የሚልከው እርማቱን ብቻ ነው። ማእከሉ የእርማቶቹን አማካይ ወስዶ የተሻሻለውን ስሌት ለሁሉም ይመልሳል። የጎግል ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. «ፌደሬትድ ለርኒንግ» ያሉት ይህንን ነው፤ መጀመሪያ የዋለውም ለስልክ መጻፊያ ሰሌዳ (ኪቦርድ) ነበር።

እንግዲህ ሻጮቹን «ኮምፒውተሩ የት ነው የሚቀመጠው?» ይበሏቸው። በባትሪ የሚሠራው መለኪያ ብዙውን ጊዜ ሎራ በሚባል ኃይል ቆጣቢ ሬዲዮ ነው የሚልከው። ሎራ ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣል፤ ሆኖም ሩቅ ሲልክ በአውሮፓው ደንብ አንድ መልእክት ከ51 ባይት አያልፍም። አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ 17 ፊደል መሆኑ ነው! የስሌት እርማት በዚያ አያልፍም። ስለዚህ ጥሬው ቁጥር ከማሳዎ ወጥቶ መቀበያው ሣጥን ድረስ መሄዱ አይቀርም፤ ትምህርቱ የሚካሄደው እዚያ ነው። ሣጥኑ በማኅበሩ ቢሮ፣ በማኅበሩ ቁልፍ ከሆነ ደግ። ከሻጩ ድርጅት ዘንድ ከሆነ ግን ጥሬው ቁጥር ለድርጅቱ የሚሄድበት የቀድሞው አሠራር ስም ለውጦ መጣ እንጂ አዲስ ነገር የለም።

እርማቱም ቢሆን አፍ አለው። በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእርማቱ ተነሥተው ጥሬውን መረጃ መልሰው ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። መድኃኒቱ ማእከሉ የእያንዳንዱን እርማት ሳያይ ድምሩን ብቻ እንዲያይ በምስጢር ቁጥር መሸፈን፣ ወይም ጥቂት የዘፈቀደ ቁጥር መቀላቀል ነው። አምስት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ግን ድምሩ ራሱ ያጋልጣችኋል፤ ዘፈቀደውን ብታበዙትም ምክሩ ይበላሻል። እኔ ብሆን ብዙ አባላት ሳይገቡበት አልፈርምም። ውሉ ላይም መረጃችሁን ማን፣ ለምን ዓላማ እንደሚያየው ይጻፍ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከጎናችሁ ነው።

ከተስማማችሁ አንዱን መለኪያ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይቅበሩት፤ የሽንኩርት ሥር አብዛኛው በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ሁለተኛው 40 ላይ ይሁን፤ እሱ ከረጠበ ውኃው ከሥሩ አልፎ ባክኗል። ውኃው ቀድሞ በሚደርስበት የትልሙ ራስ ላይ አይትከሉት። በመጀመሪያው ወቅትም ውኃ ከመልቀቅዎ በፊት ከአጠገቡ ቆፍረው አፈሩን በእጅዎ ይጨብጡት፤ ተጣብቆ ከቀረ፣ መሣሪያው «ደረቀ» ቢልም አያጠጡ።