እማዬን ቢስትሮ ልወስዳት ነው፤ ያውም በጾም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኔ ጋ ናት። የፊታችን ቅዳሜ ቦሌ ያለ አንድ ደህና ቢስትሮ ምሳ ልጋብዛት አስቤያለሁ፤ ለሁለታችን ብቻ። ግን ዓቢይ ጾም ነው፣ እሷ ደግሞ በጾም ቀልድ አታውቅም። ባለፈው ከጓደኛዬ ጋር አንድ ቤት ገብቼ ሜኑ ላይ የደመርኩት ሌላ፣ ሂሳቡ ሌላ ሆኖ ቴሌብር ላይ ያለኝ ስላልበቃ እሱ ሞላልኝ። እናቴ ፊት እንዲህ እንዳልዋረድ። ሹካና ቢላውም ያሳቅቃት ይሆን እያልኩ እፈራለሁ።
ልጇ፣ ከጀሞ

መልስ፦ ከሹካው ልጀምርና ልገላገለው። 22 ዓመት ሳስተናግድ በሹካ የተሳቀቀች እናት አላየሁም፤ የሚሳቀቁት ልጆቻቸው ናቸው። አንድ ቀን ነጠላ የለበሱ እናት የዳቦውን ቅርጫት ሳስቀምጥላቸው ቆርሰው ልጃቸውን አጎረሱና ወደ እኔ ዞረው “አንተስ ምሳ በልተሃል?” አሉኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር፤ አልበላሁም። ትሪ እንደተሸከምኩ ጎንበስ ብዬ ጎረስኩ። ልጁ ጠረጴዛ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው። አንተ እንደሱ አትሁን። ስትገቡ የእጅ መታጠቢያውን አሳያት፣ በቃ። ቢስትሮ እኮ በአገሩ በፓሪስ ተራ የሰፈር ምግብ ቤት ነው፤ ከረባት ያሰረው እኛ ጋ ሲደርስ ነው።

ጾሙ ግን እውነትም ያስጨንቃል። ቀኑን ደህና መርጠሃል። በሥራ ቀን ቢሆን ቅዳሴው ከሰዓት ስለሆነ ምሳ የሚባል ነገር የለም፤ ቅዳሜ ግን ጠዋት ተቀድሶ ያልቃል፣ ሰባት ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ። ጣጣው ወጥ ቤቱ ነው። የፈረንጅ ምግብ በሚሠራበት ቤት “የጾም ነው” ሲሉህ ብዙ ጊዜ “ሥጋ የለውም” ማለታቸው ነው። ሪዞቶ የሚሉት የጣሊያን የሩዝ ምግብ ከእሳት ሲወርድ ቅቤና አይብ ይገባበታል። ፔስቶ የሚሉት የበሶብላ ስልስም አይብ አለው። የአትክልት ሾርባው በዶሮ መረቅ ተሠርቶ ክሬም ሊጨመርበት ይችላል። ደረቁ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ ዱቄትና ውሃ ነው፤ እዚያው ቤት የሚዳመጠው ትኩስ ፓስታ ግን እንቁላል አለው፣ አስተናጋጁ አሞግሶ የሚያቀርብልህም እሱን ነው። እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ዲያቆን የእንጉዳይ ሾርባ “የጾም ነው” ብዬ አቅርቤ፣ ክሬም እንዳለበት ሼፉ የነገረኝ ሳህኑ ግማሽ ከደረሰ በኋላ ነው። ሄጄ ነገርኳቸው። ማንኪያውን ቀስ አድርገው አስቀመጡና ውሃ ጠየቁኝ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ሐሙስ ደውል። ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ሼፍ የሚያነጋግርህ የለም። “የጾም አላችሁ?” ብለህ አትጠይቅ፤ “አላችሁ?” ለሚል መልሱ ሁልጊዜ “አዎ” ነው። “ቅቤ፣ ወተት፣ አይብ፣ እንቁላል፣ የሥጋና የዶሮ መረቅ የሌለበት ምን ትሠሩልኛላችሁ?” በል። ደረቅ ፓስታ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት ይሠራሉ፤ በምድጃ የተጠበሰ አትክልትም አይጠፋም። ዳቦው ቅቤ ተቀብቶ እንዳይመጣም አደራ በል። ዓሣን በተመለከተ አስተናጋጁን ሳይሆን እሷን ጠይቃት፤ በዓቢይ ጾም የማይበሉት ብዙ ናቸው። ማኪያቶ የምትወድ ከሆነ የጾም ማኪያቶ የሚያዘጋጁ ቤቶች አሉ።

ሂሳቡን በተመለከተ ያ ቤት አጭበርብሮህ ላይሆን ይችላል። ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ዋጋው ሰርቪስ ቻርጅና ቫት እንደማይጨምር ተጽፎ ይሆናል። 3,000 ብር ብታዝዙ 10 በመቶ ሰርቪስ 300 ይሆናል፤ 15 በመቶ ቫት በ3,300ው ላይ ሲሰላ 495። ድምሩ 3,795። በስልክህ በ1.265 ማባዛት ነው። ስትደውል ይህንንም ጠይቃቸው፣ የተጨመረበት ዋጋ የሚጽፉ ቤቶችም አሉና። ሰርቪስ ቻርጁ በየቤቱ አስተናጋጁ እጅ ይገባል ማለት አይደለም፤ እኔ የሠራሁበት አንዱ ቤት ሳንቲም አይሰጠንም ነበር። ደስ ካሰኘህ በጥሬ ብር እጁ ላይ አድርግለት።

ትልቁን አደጋ ግን አልጻፍከውም፦ እናትህ ሜኑውን ታየዋለች። “ይሄ ሁሉ ለሽንኩርት?” ብላ ውሃ ብቻ ታዛለች። ምግቡን በስልክ ጨርሰህ ሜኑው ጠረጴዛው ላይ እንዳይመጣ ንገራቸው። ቡናው ሲቀርብ “እጄን ልታጠብ” ብለህ ተነሳና ካሸሩ ጋ ክፈል። መቀነቷን መፍታት ከጀመረች ግን ዘግይተሃል።