የበረት ወለል ለምን ይሰነጠቃል?

ጥያቄ፦ በእነዋሪ አካባቢ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። አምና በጋ ለላሞቼ የሲሚንቶ ወለል አሠርቼ፣ ለጥላ እንዲሆን ባሕር ዛፍ ተከልሁ። ክረምት ላይ በሩ አልዘጋ አለ፤ ከጥቅምት ወዲህ ወለሉ እየተሰነጠቀ ነው። አንዷ ላምም ታነክሳለች። ሲሚንቶው ጊዜው ያለፈበት ይሆን?

መልስ፦ ሲሚንቶውን አይጠርጥሩት። መጥፎ ሲሚንቶ ወቅት አይለይም፤ የእርስዎ ወለል ግን በክረምት ይነሣል፣ በበጋ ይወርዳል። ይህ የዋልካ፣ የዚያ ጥቁር ጭቃ አፈር፣ ሥራ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ግፊቱ አስፋልት ያጎብጣል፣ ግንብ ይተረትራል።

የሚገርመኝ የእናንተ አገር ገበሬ ነው። ለስንዴው መደብ በእጁ ሠርቶ፣ ቦይ አውጥቶ ውሃ ያጠነፍፋል፤ የበረቱን ጣሪያ ፍሳሽ ግን ግድግዳው ሥር ይለቅቀዋል። ስለ አሸንዳ አልጻፉልኝምና የለም ብዬ ልገምት። ጠርዙ ረጥቦ ሲያብጥ መሀሉ ደረቅ ስለሆነ ወለሉ እኩል አይነሣም፤ የሚሰበረውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከግንቦት በፊት የቆርቆሮ አሸንዳ፣ እርሱ ከጠፋም ለሁለት የተፈለጠ ቀርከሃ ሰቅለው ውሃውን ወደ ቁልቁለቱ ይምሩት። ቀጥሎ በበረቱ ዙሪያ 1.5 ሜትር ያህል ስፋት ቀይ አፈር ያልብሱ፤ ግድግዳው ሥር ከፍ፣ ወደ ውጭ ዝቅ እያደረጉ እርጥብ እርጥቡን ይጠቅጥቁት። ጠጠር ብቻ አይድፉበት፤ ውሃውን አሳልፎ ለዋልካው ያቀብለዋል። ቦዩን ከዚህ ድልድል ውጭ፣ በዳገቱ በኩል ይቆፍሩ፤ ግድግዳ ሥር የተቆፈረ ቦይ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል። ወጪው የአሸንዳው ብቻ ነው፤ የቀረው የቤተሰብ ጉልበት ነው።

ስንጥቁን አሁን በሲሚንቶ አይድፈኑት። አፉን በከፈተበት ወቅት ከደፈኑት፣ ክረምት ላይ መግጠሚያ አጥቶ በሌላ በኩል ይፈነዳል። ከአሸዋ ጋር የተቀላቀለ ሬንጅ ይሻላል፤ አብሮ ይሳባል።

ባሕር ዛፉን ግን ይንቀሉት፣ ገና ለጋ ነው። በየሄድሁበት በረትና ቤት ሥር ተተክሎ አየዋለሁ፤ በበጋ ሥሩ ከወለሉ በታች ያለችውን እርጥበት ይመጥጣታል። ሌላ ቢተክሉም ቢያንስ ሲያድግ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከበረቱ ይራቅ።

የላሟን ሰኮና አጥበው በሰኮናው ስንጥቅ መካከል ጠጠር ወይም ቁስል እንዳለ ይመልከቱ። እብጠት ካለ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩአት፤ ወለሉ እስኪጠገን ደረቅ ገለባ ጎዝጉዘው ያሳድሯት።