ሾፌር መሆናችሁን ንገሩን

ልጆቼ፣ እኔ ያረጀሁት ቱሉ ዲምቱ፣ ከፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ ቅርባችን ስለሆነ አይሱዙ፣ ሲኖትራክና ሚኒባስ የሚነዳ ሁሉ በእኛ በር ያልፋል። ይህን የምጽፈው መሪ ገና ለጨበጣችሁት ነው።

ብዙዎቻችሁ ሞተር ሳታጠፉ፣ ረዳቱን መኪናው ላይ ትታችሁ ትገባላችሁ። «ማዘር፣ የጉንፋን ነገር ይስጡኝ፣ ቶሎ ልውጣ!» ክኒኑን እዚያው ፈልፍላችሁ በሃይላንድ ታወራርዱታላችሁ። «ትነዳለህ እንዴ?» ስል ጥያቄው ይገርማችኋል። ጠይቄ የማልታክተው በምክንያት ነው። ብዙ የጉንፋን ክኒኖች ክሎርፌኒራሚን የተባለ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት አለባቸው። እሱ ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ያግዳል፤ ይኸው ሂስታሚን ግን አእምሮ ውስጥ ነቅተን እንድንቆይ የሚያደርገን ነው። ማታ የዋጣችሁት ጠዋትም ደማችሁ ውስጥ አለ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እግራችሁ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንዲት ሰከንድ ብትዘገዩ፣ ያ ሁሉ ሜትር ያለ ፍሬን ታለፈ ማለት ነው። ለአለርጂ ከሆነ እንደ ሎራታዲን ያለ፣ እንቅልፉ የቀለለ አማራጭ አለ። ግን ካልነገራችሁን በምን እናውቃለን?

«እኔን ምንም አላለኝም» የሚለው መልስ በጣም ያስፈራኛል። የሚያፈዝ መድኃኒት መፍዘዛችንን የምንለካበትን አእምሮም አብሮ ያፈዛል። ለጭንቀት የሚታዘዘው ዳያዜፓም፣ ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ትራማዶል፣ ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ሁሉም እንዲሁ ናቸው፤ መጠጥ ሲጨመርባቸው ደግሞ እጅግ ይብሳሉ።

ጫትም ድካምን አያጠፋም፣ ይደብቀዋል እንጂ። ምርቃናው ሲወርድ የተደበቀው እንቅልፍ መንገድ ላይ ይመጣል። ምርቃናውን በጨብሲ፣ ማለትም በመጠጥ፣ ሰብሮ መሪ መያዝማ ጨርሶ አይታሰብ።

የስኳር ሕመምተኛ የሆናችሁ፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን ወስዳችሁ ምግብ ሳትቀምሱ አትነሡ። ላብ ላብ ሲላችሁ፣ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ስኳር ወይም ጣፋጭ ጭማቂ ውሰዱ፤ ወዲያው አትንዱ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱም ለሥራ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። መንዳት ትችሉ እንደሆነ ሐኪማችሁ ይወስን።

ባለንብረቱ «ጭነቱ ዛሬ ይድረስ» ቢላችሁም መድኃኒት መውሰዳችሁን ፊት ለፊት ንገሩት። የሚያፈዝ አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁም ሐኪሙ ከፈቀደ፣ በማግስቱ ሥራ በማትወጡበት ምሽት ጀምሩትና እንዴት እንደሚያደርጋችሁ ቤታችሁ ሆናችሁ እዩት።