ማርበሪ መብት ካለው ለምን ተሸነፈ?

ማርበሪ በአሜሪካ ለዳኝነት ተሹሞ የሹመት ደብዳቤው ስላልተሰጠው በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የከሰሰ ሰው ነው። የተሸነፈው መብት አጥቶ አይደለም፤ የከሰሰበት ቦታ ነው ችግሩ። «ሹመቱ ይገባዋል ካሉ በኋላ ለምን ከለከሉት?» ላልሽው፣ ፍርዱን (1803 እ.ኤ.አ.) በዚህ ቅደም ተከተል አንብቢው፦

1. የሹመት ደብዳቤው ይገባዋል? አዎ።
2. ሕጉ መፍትሔ ይሰጠዋል? አዎ።
3. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን በመጀመሪያ ደረጃ (በይግባኝ ሳይሆን በቀጥታ) ማየት ይችላል? አይችልም።

ጨዋታው ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ማርበሪ የተመረኮዘው በ1789ኙ የፍርድ ቤቶች ሕግ ክፍል 13 ላይ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደብዳቤው ይሰጠው ብሎ በቀጥታ እንዲያዝ ይፈቅዳል በሚል። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዳኛ ማርሻል ግን ክፍሉ ፍርድ ቤቱ በቀጥታ የሚያያቸውን ጉዳዮች ከሚወስነው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ጋር ይጋጫል ብሎ ውድቅ አደረገው። ብልጥ ነው ሰውየው! ትንሿን ሥልጣን (ደብዳቤው ይሰጠው ብሎ ማዘዝን) ትቶ ትልቋን (ከሕገ መንግሥቱ የሚጋጭ ሕግን መሻርን) ወሰደ።

አገር ቤት ሕግ ተምረሽ ከሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። እኛ ጋ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት በግልጽ ተጽፏል። የአሜሪካው ሕገ መንግሥት ላይ ግን ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት የሚሰጥ እንዲህ ያለ ግልጽ አንቀጽ የለም። ፈተና ላይ «አንቀጽ 3 በግልጽ ይላል» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ተማሪ ነጥብ ሲጥል የማየው እዚህ ላይ ነው።