ከፊት የሚሰማው የኋላ ድምፅ

ጥያቄውን የላኩልኝ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች ቮልስዋገን 1300 ከአባታቸው የወረሱ የአዲስ አበባ ነዋሪ ናቸው። ችግሩን እንዲህ ገልጸውታል፦ መኪናዋ ስትነሳ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ትላለች፤ ወደ ኋላ ስትሄድም ትደግመዋለች፤ ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብላ ስትጓዝ ደግሞ ከጎማው ዙር ጋር የሚሄድ ኳኳታ ይሰማል። ድምፁ ከፊት በግራ በኩል የሚመጣ ስለመሰላቸው በሁለት ጋራዦች የፊት ኩሽኔታዎች (ጎማው የሚዞርባቸው ተሸካሚዎች) ተቀይረዋል፣ የአራቱም ጎማ የፍሬን ሸራ ታድሷል። ድምፁ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ከሸራው ሥራ በኋላ ብሷል።

ውድ ጠያቂዬ፣ ከጻፉልኝ ሁሉ ትኩረቴን የሳበው ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። ሸራ ሲቀየር የኋላ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞረውና ሸራው የሚይዘው ከበሮ መሰል ብረት) መውጣት አለበት፤ የቮልስ የኋላ ታምቡር ደግሞ የሚወጣው በሴሚያሱ (ጎማውን በሚያዞረው የብረት ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ ሲፈታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሥራው በኋላ የባሰ ድምፅ ከተሰማ፣ በሥራው ጊዜ ተፈቶ የተመለሰውን ነገር አስቀድሞ ማየት ይገባል። እኔ የምጠረጥረው ያንን ዳዶና ከሥሩ ያሉትን፣ ከሴሚያሱ ጋር የሚቆላለፉትን የታምቡሩን ጥርሶች ነው።

ድምፁ ከፊት መሰማቱ አያሳስትዎ። የቮልስ ወለል ከፊት እስከ ኋላ የተያያዘ ብረት ሲሆን፣ በመካከሉ የማርሽ ዘንግና የልዩ ልዩ ገመዶች ማለፊያ የሆነ ዋሻ መሰል ቱቦ አለው፤ ከኋላ ጎማ የተነሳ ምት በዚያ በኩል ተጉዞ ከሾፌሩ እግር ሥር ይሰማል። ሞተሩ ከኋላ በመሆኑም የራሱ ጩኸት በዚያ በኩል ያለውን ሌላ ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በዚሁ ምክንያት የአንድ ደንበኛን ጤነኛ የፊት ኩሽኔታዎች አስወጥቼ ገንዘባቸውን አስወጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ በምን እንደሚለወጥ ሳላውቅ ምንም ነገር አልፈታም።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት መኪናዋን ያዳምጧት። ረዥም የድንጋይ ወይም የብሎኬት አጥር ያለበት ጸጥ ያለ መንገድ ይፈልጉ፤ መስኮቱን ከፍተው በአንደኛ ማርሽ ከአጥሩ ጎን በዝግታ ይንዱ፤ ከዚያ ዞረው ሌላውን ጎን ወደ አጥሩ አድርገው ይመለሱ። ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልሰው ችግሩ በየትኛው ጎን እንደሆነ ያለ ምንም መሣሪያ ይለያል። ቀጥሎም ሞተሩ እንደሠራ ማርሹን ነፃ አድርገው ትንሽ ተዳፋት ላይ ይልቀቋት። ሲነዱ የሚጮኸው በነፃ ሲንከባለል ጸጥ ካለ፣ ድምፁ የሚመጣው የሞተሩ ኃይል ከሚያልፍበት ቦታ ማለትም ከኋላ ነው፤ የፊት ጎማ ኃይል ስለማይቀበል ማርሽ ገባ አልገባ ለእርሱ ለውጥ የለውም። ሳይቋረጥ የሚያጓራና መሪውን ወደ አንድ ጎን ሲጠመዝዙ የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ድምፅ ቢሆን ኖሮ ወደ ኩሽኔታ እሄድ ነበር። የእርስዎ ግን ስትነሳና አቅጣጫ ስትቀይር የሚሰማ አንድ ምት ነው፤ ይህም በሁለት ብረቶች መካከል ክፍተት መኖሩን ያመለክታል።

ቀላሎቹን ነገሮች ግን ሳያዩ አይለፉ። የቸርኬውን ክዳን አውልቀው ከውስጡ ጠጠር እንደሌለ፣ አምስቱም የቸርኬ ቡሎኖች ወደ 10 ኪሎ ግራም ሜትር በሚደርስ ኃይል መጥበቃቸውን ያረጋግጡ። በግራ የፊት ጎማ በኩል የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ገመድ በጎማው ዘንግ መሃል አልፎ ከኩሽኔታው ክዳን ጋር ይያያዛል፤ ይህ ገመድ ሲደርቅ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ የቆጣሪውንም ቀስት ያንቀጠቅጣል፤ ቀጭ ግን አይልም። አዲሶቹ የፊት ኩሽኔታዎች ከመጠን በላይ ጠብቀው ከሆነም ይቃጠላሉ። የእርስዎ ዓይነት ቮልስ የፊት ኩሽኔታ ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር ጨዋታ (ልቅ ክፍተት) ሊኖረው ይገባል፤ በእጅ ሲመዘን፣ ከዳዶው ሥር ያለው ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ ሲገፋ በጭንቅ ሸርተት ይላል ማለት ነው። የግራው የፊት ጎማ ዳዶ ጥርሱ በተቃራኒ የተቆረጠ ስለሆነ፣ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር መሆኑን ለመካኒክዎ ያስታውሱ።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። የፊት ጎማዎችን በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፊትና ከኋላቸው አስደግፈው፣ ማርሽ አስገብተው፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፤ ከዚያ በግድግዳው ሙከራ የጠረጠሩትን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንስተው በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያሳርፉት። የቸርኬው ክዳን ሲወልቅ 36 ቁጥር ቁልፍ የሚይዘው ዳዶና በውስጡ ያለፈው ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ሽቦ) ይታያሉ። በነጭ ጠመኔ ከሴሚያሱ ጫፍ ጀምረው በዳዶው ላይ አልፈው እስከ ታምቡሩ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ጎማውን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ አጠር አጠር አድርገው ያወዛውዙት፣ ዓይንዎ ግን ከመስመሩ አይነሳ። ታምቡሩም ሴሚያሱም አብረው ትንሽ ቢንቀሳቀሱ በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ያለ የጥርስ ክፍተት ስለሆነ፣ ጥቂቱ የሚጠበቅ ነው። ታምቡሩ ተንቀሳቅሶ ሴሚያሱ ባለበት ቢቆምና መስመሩ ቢሰበር ግን ፈልገው ያጡትን ድምፅ አገኙት ማለት ነው።

ሌላም ምስክር አለ። በዳዶውና በታምቡሩ መካከል፣ በሮንዴላው ዙሪያ፣ እንደ በርበሬ የደቀቀ ቀላ ያለ የዝገት ዱቄት ካዩ፣ ሁለት ብረቶች ለረዥም ጊዜ ሲፋተጉ መኖራቸውን ያሳያል። የዳዶው ማዕዘኖች ተቀጥቅጠው ከተበሉም ዳዶው በቁልፍ ሳይሆን በመሮና በመዶሻ ተፈቶ በዚያው እንደታሰረ አይጠራጠሩ። ይህ አሠራር በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በመሮ የታሰረ ዳዶ በቂ ጥብቀት አግኝቶ አላየሁም።

ለዚህ ዳዶ የታዘዘው ጥብቀት 30 ኪሎ ግራም ሜትር ሲሆን፣ መለኪያ ቁልፍ ከሌለ ይህን ማስላት አይከብድም፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው 50 ሴንቲ ሜትር በራቀ ነጥብ ላይ፣ አግድም በተኛ ጠንካራ ዘንግ ላይ ሙሉ ክብደቱን ሲያሳርፍ ልክ ያንን ያህል ይሆናል። መኪናዋ በክሪክ ላይ እያለች ይህን በፍጹም አይሞክሩ፤ አራቱም ጎማዎች መሬት ላይ፣ የእጅ ፍሬኑም ተስቦ ይሁን። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ደግሞ እስኪገጥም ጨምረው ያጥብቁ እንጂ ወደ ኋላ አይመልሱ፤ ትንሽ ላላ አድርጎ ኮፒሊያ ማስገባት ድምፁ እንዲመለስ መጋበዝ ነው።

ዳዶው ላልቶ ብዙ ካልተነዳ ማጥበቁ ብቻ ይበቃል። ከጠበቀ በኋላም መስመሩ ከተሰበረ ግን የታምቡሩ ጥርሶች ተበልተዋልና ታምቡሩ መለወጥ አለበት። የታምቡሩ ብረት ከሴሚያሱ ስለሚለሰልስ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ታምቡሩ ነው፤ ቢሆንም አሮጌው ሲወጣ የሴሚያሱን ጥርሶች በጨርቅ ጠርገው በጣትዎ ይዳስሷቸው። ጫፋቸው እንደ ቢላ ከሰላ አዲሱም ታምቡር ብዙ አይቆይምና ሴሚያሱም አብሮ ሊታሰብበት ይገባል። ይህች መኪና በሜክሲኮ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ስለተመረተች መለዋወጫዋ ዛሬም ይገኛል፤ ነገር ግን የኋላ ታምቡሮች እንደ ዓመተ ምርታቸው ስለሚለያዩ፣ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ሄደው ጎን ለጎን ይለኩት።

ታምቡሩ እንደወጣ ውስጡ በዘይት ርሶ ካገኙት ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደው ቀለበት) አብሮ ይቀየር። በእርስዎ መኪና የኋላ ኩሽኔታ የሚለሰልሰው በካምቢዮው ዘይት ነው፤ ዘይቱ ሲያፈስ አዲሱን ሸራ ያበላሻል፣ ሲጎድል ደግሞ ኩሽኔታውን ያደርቃል። ካምቢዮው 2.5 ሊትር የሚይዝ ሲሆን፣ ልኩ በጎን ያለው የመሙያ ቀዳዳ ከንፈር ነው።

እስኪሠራ ድረስ መኪናዋን እንዳይነዷት በብርቱ አሳስብዎታለሁ። ጥርሶቹ ጨርሰው ካለቁ ሞተሩ እየሠራ መኪናዋ ቆማ ትቀራለች፤ ዳገት ላይ ማርሽ አስገብተው ቢያቆሟትም አይይዛትም፤ ዳዶው ጨርሶ ከወጣ ደግሞ ጎማው ከነታምቡሩ ሊወጣ ይችላል። ከጥገናው በኋላ አዲስ የጠመኔ መስመር አስምረው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይንዷት፤ ከዚያ ኮፒሊያውን አውጥተው ጥብቀቱን እንደገና ይፈትሹና አዲስ ኮፒሊያ ያስገቡለት።